በክሊራንስ ቅጽ ላይ የሌለው ንብረት

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሥራውን የሚለቅ ሠራተኛ ክሊራንስ የሚባል ቅጽ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት ተራ በተራ ይፈርሙበታል፤ ተሰናባቹ የተረከበውን ኮምፒውተር፣ ቁልፍና መታወቂያ መመለሱ፣ ለመስክ ሥራ የወሰደውን ገንዘብ ማወራረዱና በስሙ የቀረ ዕዳ አለመኖሩ አንድ በአንድ ከተረጋገጠ በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃው ይጻፍለታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሊቆጠር የሚችለውን ነገር ይጠብቃል። ሠራተኛው በአሥር ወይም በሃያ ዓመት ቆይታው ያካበተው፣ መሥሪያ ቤቱም በደመወዝ፣ በሥልጠናና በስሕተት ዋጋ የከፈለበት ዕውቀት ግን በቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው፣ ማንም ሳይረከበውና ማንም ሳይፈርምበት ከባለቤቱ ጋር በበሩ ይወጣል።

የአስተዳደር ጥናት ባለሙያዎች አንድ ድርጅት ስለ ሥራው፣ ስለ ደንበኞቹና ስላለፉ ውሳኔዎቹ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድነት ተቋማዊ ትውስታ ይሉታል። የትውስታው አንድ ክፍል በፋይሎች፣ በቃለ ጉባኤዎች፣ በመመሪያዎችና በኮምፒውተር ቋቶች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ተጽፎ ሊቀመጥና ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ስለሚችል ግልጽ ዕውቀት ይባላል። ሌላው ክፍል ስውር ዕውቀት ነው፤ ባለቤቱ በየቀኑ ይሠራበታል እንጂ በቃል ዘርዝሮ አይጨርሰውም። ይህን ልዩነት በተለይ ያብራራው የሃንጋሪ ተወላጁ ሳይንቲስትና ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1966 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት የሰው ዕውቀት ሁልጊዜ ከአንደበቱ እንደሚሰፋ አስረድቷል። ሐሳቡን ለመረዳት ፍልስፍና ማጥናት አያስፈልግም። ሊጡ ኩፍ ማለቱን በዓይኗ፣ የምጣዱን ግለት እጇን ጠጋ አድርጋ የምታውቅ እንጀራ ጋጋሪ፣ ስንት ደቂቃና ስንት ዲግሪ እንደሆነ ብትጠየቅ መልስ የላትም፤ እንጀራው ግን ዓይኑ ሳይደፈን ይወጣል።

በመሥሪያ ቤትም ነገሩ ያው ነው። ልምድ ያለው የብድር ባለሙያ ሰነዱ በሙሉ ተሟልቶ የቀረበለትን ጥያቄ ቆም ብሎ እንደገና እንዲያየው የሚያደርገው ነገር፣ የጀነሬተር ቴክኒሻን ከሞተሩ ድምፅ ብቻ የትኛው ዕቃ ሊበላሽ እንደተቃረበ የሚለይበት ጆሮ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድ የቆየ ፋይል ሁለት ጊዜ ቁጥሩ መቀየሩን አስታውሶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያወጣበት ዘዴ በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ አይገኝም። ተገልጋዩ ሕዝብ የዚህን ዕውቀት መኖር የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ በሌለበት ሰዓት ነው፤ «ባለሙያው የለም፤ ነገ ተመለሱ» የሚለው የቢሮ መልስ አድማጩን ቢያበሳጭም፣ ተቋሙ የሚያውቀውን ነገር በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ እንዳስቀመጠ የሚገልጽ ሐቀኛ ኑዛዜ ነው።

ዕውቀት ከሰው ጋር ሲሄድ ምን እንደሚከተል ከሚያሳዩት ጉዳዮች ሁሉ ጉልህ የሆነው በአሜሪካ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ ውስጥ ያጋጠመው ነው። ፎግባንክ የሚል የምሥጢር ስም የተሰጠውና ምንነቱ ለሕዝብ ያልተገለጸው ቁስ፣ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ በሚተኮሱ ሚሳይሎች ላይ ለሚገጠመው፣ ደብሊው 76 ለሚባለው የኒውክሌር አረር የሚያገለግል ነው። በቴነሲ ግዛት፣ በኦክ ሪጅ ከተማ በሚገኘው ዋይ 12 በተባለው ተቋም ሲመረት ቆይቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ ምርቱ ቆመ፤ ሠራተኞቹም ከፊሎቹ ጡረታ ወጡ፣ ከፊሎቹ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የአረሮቹን ዕድሜ በእድሳት ማራዘም ሲያስፈልግ ቁሱን እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። ለኮንግረሱ የሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በመጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በ1980ዎቹ ስለ አመራረቱ የተያዘው መዝገብ ጥቂት ነበር፤ ዕውቀቱ የነበራቸው ሠራተኞችም ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ተቋሙን ለቀው ነበር። የዓለም ኃያል መንግሥት ራሱ የሠራውን ነገር እንዴት እንደሠራው ረሳ ማለት ነው፤ ለማስታወስም ዓመታትና በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጣ።

የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ባለሙያዎቹ የቀረውን መዝገብ ተከትለው የምርት ሂደቱን ቢደግሙትም ውጤቱ ከቀድሞው ጋር አልመሳሰል አለ። በመጨረሻ የተደረሰበት ምክንያት፣ ለምርቱ ከሚገቡት ጥሬ ዕቃዎች አንዱ በዘመናዊ የማጣሪያ ዘዴ ከመጠን በላይ ንጹሕ መሆኑ ነበር፤ በድሮው አሠራር በዕቃው ውስጥ ይቀር የነበረው ባዕድ ነገር፣ እንደ ጉድፍ ሊቆጠር የሚችለው፣ ለቁሱ ጠባይ አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ይህን አያውቁም ነበር። እንግዲህ ሁሉም ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አንድ በአንድ ተጠርተው፣ የሚያውቁትን እንዲጽፉ ወረቀትና እስክሪብቶ ቢሰጣቸው እንኳ ወሳኙን ነገር አይጽፉትም ነበር፤ አያውቁትማ። ዕውቀቱ በሰዎቹ ራስ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው፣ በመሣሪያዎቻቸውና በጥሬ ዕቃ አቅራቢዎቻቸው መካከል ተበታትኖ የሚኖር በመሆኑ፣ ሥራው እስከቀጠለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነበር።

ሰነድ በሚገባ ተጠብቆ ሳለም ተመሳሳይ ነገር ሊያጋጥም ይችላል። ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደችው የሳተርን 5 ሮኬት ንድፍ ጠፍቷል እየተባለ ብዙ ጊዜ ቢወራም ወሬው እውነት አይደለም፤ ንድፎቹ በማይክሮፊልም ተቀምጠዋል። ሆኖም የጠፈር ድርጅቱ የናሳ ወጣት መሐንዲሶች፣ ሮኬቷን በአምስት ሆነው ያስነሷት ከነበሩት ኤፍ 1 ከሚባሉት ሞተሮች ተርፎ የቆየ አንዱን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ግድም ፈታትተው በዘመናዊ መሣሪያ ሲመረምሩት፣ ሞተሩ ከንድፉ ጋር በብዙ ቦታ እንደማይገጥም አዩ። በ1960ዎቹ የነበሩት በያጆችና ገጣጣሚዎች እያንዳንዱን ሞተር በእጃቸው እያስተካከሉ፣ ንድፉ የማያውቀውን መላ እየጨመሩበት ይሠሩት ስለነበር፣ ወረቀቱ የሚናገረው ስለታሰበው ሞተር እንጂ ስለተሠራው ሞተር አልነበረም።

ከነዚህ ሁለት ጉዳዮች አንጻር ሲታይ ብዙ ድርጅቶች የሠራተኛ ፍልሰትን የሚመክቱበት መንገድ ደካማ ነው። የሠራተኛ ፍልሰት ሲባል ሠራተኞች በተሻለ ደመወዝ፣ በቅሬታ፣ በጡረታ ወይም በሌላ ምክንያት ድርጅቱን እየለቀቁ በሌሎች የሚተኩበት እንቅስቃሴ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ሕጉ የሠራተኛውን ነፃነት ማስጠበቁ ተገቢ ነው፤ ችግሩ አሠሪው ይህን ወር ለዕውቀት ርክክብ የተመደበ ጊዜ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። በተግባር ወሩ በተረፈ የዓመት ፈቃድ ይሸራረፋል፤ ቦታው በይፋ ክፍት ሳይሆን ማስታወቂያ ስለማይወጣ ተተኪው የሚመጣው ተሰናባቹ ከሄደ በኋላ ነው፤ የሚያስረክብ ሲኖር የሚረከብ የለም፤ የሚረከብ ሲመጣ የሚያስረክብ ሄዷል። በመጨረሻው ሳምንት የሚደረገው የስንብት ቃለ መጠይቅም ሰውዬው ለምን እንደሚሄድ ይጠይቃል እንጂ ምን ይዞ እንደሚሄድ አይጠይቅም።

ጥያቄውን ቀደም ብሎ በማንሣት የሚጠቀሰው በ1933 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ቴነሲ ቫሊ ኦቶሪቲ ነው። ድርጅቱ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ብዙ ሠራተኞቹ በአንድ ጊዜ ወደ ጡረታ መቃረባቸውን አይቶ ቀላል የስሌት ዘዴ ቀየሰ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንዱ የሚሄድበት ጊዜ ምን ያህል እንደቀረበ፣ ሌላው የያዘው ዕውቀት ምን ያህል ብርቅና ወሳኝ እንደሆነ የሚለካ ሲሆን፣ ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ይደርሳሉ፤ ከዚያ ይባዛሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ጡረታ የሚወጣና እሱ ብቻ የሚያውቀው ወሳኝ ነገር ያለው ሰው 25 ያገኛል፤ ትኩረቱም መጀመሪያ ወደ እሱ ይሄዳል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይህ ዕውቀት ቢጠፋ ምን ይጎድላል የሚለው ነው፤ የዘዴው ብስለት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ አንዳንድ ጊዜ «ምንም» ሊሆን ይችላልና። አሮጌ መሣሪያን አባብሎ የማስነሣት ጥበብ መሣሪያው ሲቀየር ዋጋ ያጣል፤ የተጣመመ አሠራርን በጓሮ በር የማለፍ ችሎታም አሠራሩን በማቃናት ሊቀር ይገባል እንጂ ተተኪ በማሠልጠን መቆየት የለበትም። ሁሉን ዕውቀት እንደ ቅርስ ለማቆየት የሚሞክር ድርጅት መጨረሻው ማንም የማያነበው የሰነድ ክምር ነው።

ታዲያ ሊቆይ የሚገባው በምን መንገድ ይተላለፋል? በዚህ ረገድ የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹ የዜሮክስ ጠጋኞች ታሪክ ብዙ ያስተምራል። አንትሮፖሎጂስቱ ጁሊያን ኦር እነዚህን ቴክኒሻኖች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ኩባንያው ለእያንዳንዱ ብልሽት መፍትሔ የሚያዝ መመሪያ ቢሰጣቸውም፣ መመሪያው የማያውቀው ብልሽት ሲያጋጥም ቴክኒሻኖቹ መፍትሔውን የሚያገኙት ቁርስና ቡና ላይ ስላለፉ ማሽኖች ሲያወጉ ነበር። ለአለቃ ዓይን ሥራ ፈትነት የሚመስለው ያ ወግ የሥራው ልብ ነበር። ከዚህ ግንዛቤ ጋር በተያያዘ ኩባንያው በ1990ዎቹ ዩሬካ የተባለ የኮምፒውተር ቋት አዘጋጀ፤ ቴክኒሻኑ በመስክ ያገኘውን መላ ይልካል፣ የሙያ ጓደኞቹ ሞክረው እውነትነቱን ያረጋግጣሉ፣ ከዚያም መላው ከአመንጪው ስም ጋር ለሁሉም ይለቀቃል። ስሙ መጠቀሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ዕውቀቱን የሚሰጠው ከሰጠ በኋላም የእሱ መሆኑ እንደሚታወቅለት ሲያምን ነው፤ ብዙ ድርጅቶች በከፍተኛ ወጪ ያሠሯቸው የዕውቀት ቋቶች ባዶ የሚቀሩትም በሶፍትዌር ጉድለት ሳይሆን ይህን ባለማስተዋል ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የመጻሕፍት ትርጓሜ አንድምታ በጽሑፍ ከመሰብሰቡ በፊት ለብዙ ትውልድ በቃል ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈ ሲሆን፣ ያቆየው የመምህሩ ትዝታ ብቻ አልነበረም። መምህሩ ያወረደውን ትርጓሜ ተማሪዎች ጉባኤው ከተበተነ በኋላ እርስ በርስ ይቀጽሉታል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ በዚህም አንዱ ትርጓሜ በአንድ ጊዜ በብዙ ራሶች ውስጥ ይቀመጣል። መምህሩ ሲያልፍ ወንበሩን የሚተካው ሰው ለዓመታት አጠገቡ የቆየና ሲያስተምር የታየ ስለሆነ፣ ርክክቡ የሚያልቀው ስንብቱ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ይህን ትዕግሥት ሊገዛው የሚችለው ሁለት ሰው በአንድ ሥራ ላይ በማቆየት ብቻ ነው፤ የበጀት ክፍልም መጀመሪያ የሚሰርዘው ወጪ ይኸው ነው።

ሁለት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። በተለመደው ፍልሰት የሚጎድለው አንድ ሰው ሲሆን፣ በውህደት ጊዜ ግን ማንም ሳይሄድ ዕውቀቱ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ማብራሪያ የሚሆነው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዳንኤል ዌግነር በ1980ዎቹ አጋማሽ ስለ ባልና ሚስት ትውስታ ያቀረበው ሐሳብ ነው። አብረው የኖሩ ሰዎች ሁሉን ነገር ሁለቱም አያስታውሱም፤ አንዱ የቤቱን ግብር፣ ሌላው የልጆቹን የክትባት ቀን ይይዛል፣ ሁለቱም ማን የቱን እንደያዘ ያውቃሉ። የጋራ ትውስታው የሚኖረው በዚህ «ማን ምን ያውቃል» በሚለው ካርታ ላይ ነው። የቆየ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የጉምሩክ ጉዳይ ሲቸግር ማን እንደሚጠየቅ፣ የድሮ ውል ሲፈለግ የማን መሳቢያ እንደሚከፈት ሁሉም ያውቃል። ውህደት ሁለት እንዲህ ያሉ ካርታዎችን በአንድ ቀን ይደመስሳል። አዲስ መዋቅር ይወጣል፣ የሠራተኛ ድልድል ይካሄዳል፣ ቢሮዎች ይቀያየራሉ፤ የሚያውቀው ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚያስፈልገው ሰው አንደኛ ፎቅ ላይ «የሚያውቅ የለም» ይላል።

ድልድል ደግሞ ፍርሃት ያመጣል። ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ሲወዳደር፣ ዕውቀቱን ለተወዳዳሪው ማካፈል ዋስትናውን በገዛ እጁ ማስረከብ ስለሚመስለው ሠራተኛው ዝም ይላል፤ «እሱ ከሌለ አይሆንም» መባልን ይመርጣል። ይህን ክፋት ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ነገር ግን ዝምታው አመራሩ ላወጀው ውድድር የተሰጠ ምክንያታዊ ምላሽ ነው። በሌላ በኩል ሥራ በቀላሉ የሚያገኙት፣ ማለትም ብዙ የሚያውቁት፣ ድልድሉን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው የመኪና አምራች ዳይምለር ቤንዝና አሜሪካዊው ክራይስለር 36 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በተገመተ ስምምነት ሲዋሃዱ ጋብቻው የእኩያሞች ነው ተብሎ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የክራይስለርን ወገን የመሩ ሁለት አሜሪካውያን ፕሬዚዳንቶች ተሰናበቱ፤ የመጀመሪያው ቶማስ ስቶልካምፕ ክራይስለር ከዕቃ አቅራቢዎቹ ጋር የነበረውን የታወቀ የትብብር አሠራር በመገንባት ከሚመሰገኑት አንዱ ነበር። እንዲህ ያለው በመተማመን ላይ የቆመ ግንኙነት በሽያጭ ውሉ ላይ ዋጋ አይጻፍለትም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዳይምለር ከክራይስለር 80.1 በመቶውን ለሴርበረስ ኩባንያ ሲያስተላልፍ የተነገረው ዋጋ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ውድቀቱ ብዙ ምክንያት ስላለው ሁሉንም በሰዎች መሄድ ማመካኘት ስሕተት ይሆናል፤ የተገዛው ነገር ትልቁ ክፍል ሊገዛ የሚችል አለመሆኑን ግን ልዩነቱ ያሳያል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባንኮች ቅርብ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ብር ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ፣ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ጊዜ በመስጠት ያልቻሉት እንዲዋሃዱ በር ከፍቷል፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በምክር ቤት የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች መግቢያ ሰጥቷል። ውህደት ለዘርፉ አዲስ አይደለም። ባንኮች በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ የአዲስ አበባ ባንክና የሁለት የጣሊያን ባንኮች የኢትዮጵያ ቅርንጫፎች አዲስ ባንክ በሚል ተጠቃልለው፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1980 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል፤ በቤት ግንባታ ብድር የጀመረው ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ንግድ ባንክ ገብቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሒሳብ ቋቱ ከአንዱ የኮር ባንኪንግ ሥርዓት ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የመያዣ ካርታው ፋይሉን ተከትሎ ይሄዳል። ተበዳሪው ክረምት ሲገባ ክፍያ እንደሚያዘገይ፣ መስቀል ሳይደርስ ግን እንደሚያጠናቅቅ የሚያውቀው የቅርንጫፍ ሰው ሌላ ከተማ ከተመደበ፣ አዲሱ ሥርዓት የሚያየው የተበላሸ ብድር ብቻ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ የሚችለውን አድርጓል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅቶች መቀላቀል፣ መከፈል ወይም የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ ይደነግጋል፤ ሠራተኛው ከነመብቱ ወደ አዲሱ ድርጅት ይሻገራል። ሊሻገር የማይችለው ፈቃዱ ነው፤ እሱን የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ድልድሉን ከማጓተት ይልቅ በፍጥነት ጨርሶ ሰዎች ወንበራቸውን እንዲያውቁ ማድረግ፣ ሁለቱን ወገን በአንድ ፋይል ላይ ጎን ለጎን ማሠራት፣ ከሥራ አስኪያጆች በፊት ጸሐፊዎችንና የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ጠርቶ ማን ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። ያም ሆኖ የውህደት ኮሚቴዎች አጀንዳ በብዛት ስለ አርማ፣ ስለ ደመወዝ እርከንና ስለ ተሽከርካሪ ነው።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በመዋሃድ ብቻ ሳይሆን በመለያየትም ይፈተናሉ። የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በአዋጅ ቁጥር 691/2003 ለሁለት ተከፈለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 እንደገና አንድ ሆነ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የኢንዱስትሪ ሚኒስቴርና የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተብሎ ዳግም ተለያየ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማኅተም መቀየር ማለት ነው። አዋጆቹ መብትና ግዴታ ወደ አዲሱ አካል እንደሚተላለፍ ይደነግጋሉ፤ ሁለቱንም ዘርፎች የሚነካ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የጥሬ ዕቃ አቅርቦትና የወጪ ንግድ ፈቃድ አብረው የሚነሡበት የአንድ ቆዳ ፋብሪካ ፋይልም፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በሁለቱም መዝገብ ቤቶች ሊቀመጥ ይችላል። ፋይሉን ለዓመታት የያዘው ባለሙያ ግን በድልድሉ ወደ አንዱ ሕንፃ ይሄዳል፤ ሌላው ሕንፃ፣ ዕድለኛ ከሆነ፣ ስልክ ቁጥሩን ይዞ ይቀራል።